በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም
ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሌላ የማይለቅ ሕመም ይዘሽ ወደ ሐኪም ከመሄድሽ በፊት

 

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ ሐኪም ቀጠሮ ነው። "ቀጠሮ ደግሞ ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል? ሄዶ መታየት አይደለም ወይ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ለጉንፋንና ለሆድ ቁርጠት እውነት ነው። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት፣ እንደ አስም ያለ አብሮ የሚኖር ሕመም ላለበት ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለምን እንደሆነ ከብዙዎቻችሁ ከሰማነው አሰባስበን በአንዲት እህት ታሪክ እንንገራችሁ። ስም አንሰጣትም፤ ከመካከላችን ማንም ልትሆን ትችላለች።

ይህች እህት ቤይሩት ውስጥ በአንድ ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ስኳር እንዳለባት ካወቀች 4 ዓመቷ ነው። በየ3 ወሩ ማዳሟ ሐኪም ዘንድ ይዛት ትሄዳለች። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ማዳም ትመልሳለች። "መድኃኒቷን በሥርዓት ትወስዳለች?" ሲል፣ ማዳም "አዎ፣ ትወስዳለች" ትላለች። እህታችን አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ማዳም እየዋሸች አይደለም፤ የተገዛው መድኃኒት በሥርዓት የሚዋጥ ይመስላታል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የመድኃኒቱ ዋጋ ከደሞዟ ስለሚቆረጥ፣ እህታችን አንዱ ካርቶን ሁለት ወር እንዲያደርስላት አንድ ቀን እየዋጠች አንድ ቀን ትዘላለች።

ስኳሯ በምርመራ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሐኪሙ "ያዘዝኩት አልበቃትም" ብሎ መጠኑን ጨመረ። ከ3 ወር በኋላ አሁንም ከፍ ብሎ አገኘው፣ ደግሞ ጨመረ። እንዲህ እያለ ዐቢይ ጾም ገባ። እህታችን በጾሙ መግቢያ ልቧ ተነክቶ፣ "ከእንግዲህ ራሴን አልጎዳም፣ መድኃኒቴን ሳላዛንፍ እወስዳለሁ" ብላ ወሰነች። ውሳኔው መልካም ነበር። ግን መውሰድ የጀመረችው ሁለት ጊዜ የተጨመረውን መጠን ነው፤ ያውም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምስ፣ ሥራውም ሳይቀርላት። በሦስተኛው ቀን ልብስ ስትተኩስ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ካውያውን እንደያዘች ወደቀች። ሆስፒታል ሲለካ ስኳሯ 38 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ክንዷ ላይ ያለው የካውያ ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ማን አጠፋ? ማዳሟ መድኃኒቱን ገዝታለች። ሐኪሙም የታየውን ቁጥርና የተነገረውን ቃል ይዞ የሚገባውን አዝዟል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እርሷ ብቻ የምታውቀው እውነት ከሐኪሙ ጆሮ አልደረሰም። አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ያሉት ለዚህ ነው። በስደት አገር ደግሞ ሳንደብቅም ይደበቃል፤ ቋንቋው ይደብቀዋል፣ ፍርሃቱ ይደብቀዋል፣ በመካከል የሚያስተረጉመው ሰው ይደብቀዋል። ስለዚህ እውነቱን በወረቀት ይዘን መሄድ አለብን። ይህ ጽሑፍ ወረቀቱ ምን መያዝ እንዳለበት ያሳያችኋል።

ሐኪሙ የሚያይሽ ጥቂት ደቂቃ ነው

በጤና ጣቢያ ወረፋ ጠብቃችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ አለ፤ ከሐኪሙ ፊት የሚቀመጡት ግን አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች አሥር ደቂቃ ሐኪሙ የ3 ወር ኑሮሽን ማወቅ አለበት። ስኳርና ደም ግፊት አንዴ ታክመው የሚድኑ ሳይሆኑ በየዕለቱ የሚጠበቁ ሕመሞች ናቸው። ቀጠሮው የሚያስፈልገው ያለፈው ወራት እንዴት እንደነበረ ታይቶ የሚመጣው እንዲስተካከል ነው። ደግሞም ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም። "ደህና ነኝ፣ ራሴንም አላመመኝም" ማለት ግፊቱ ወርዷል ማለት አይደለም።

ከቀጠሮው 1 ሳምንት በፊት፦ ደብተሩ

ትንሽ ደብተር ግዢ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ በአንዳንድ ቤትም ይወሰዳል። ደብተር ግን ከፓስፖርትሽ ፎቶ ኮፒ ጋር በቦርሳሽ ይቀመጣል። ማዳም እንድታነበው የማትፈልጊውን በአማርኛ ጻፊው። የመድኃኒቱን ስም ግን ከካርቶኑ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳይቀር ገልብጪው።

የመለኪያ መሣሪያ ካለሽ ወይም ፋርማሲ የሚለካልሽ ካለ ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፊ። ስኳር ከሆነ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ አብረሽ አመልክቺ፤ ያለዚያ ቁጥሩ ብቻውን ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም። በባዶ ሆድ የጤነኛ ሰው ስኳር ከ100 በታች ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከታየ የስኳር ሕመም ይባላል። ከ70 በታች ከወረደ ዝቅ ብሏል፣ አደጋም አለው። አንዳንድ ላብራቶሪዎች በሌላ መለኪያ ስለሚጽፉ "7" ወይም "9" የሚል ቁጥር ብታዪ አትደናገጪ፤ በ18 አባዢው። 7 ማለት 126 ነው።

ሐኪሙ ደግሞ ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ የሚያሳይ ምርመራ ሊያዝልሽ ይችላል። ኤ ዋን ሲ ይባላል፤ በሊባኖስ "መኽዙን" ሲሉት ትሰሚያለሽ። 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር መኖሩን ያመለክታል። ሕመሙ ላለባቸው ለብዙዎች የሚታሰበው ግብ ከ7 በታች ማድረስ ነው። ይህን ምርመራ ለአንድ ቀን በመጾም ማታለል አይቻልም። በቀጠሮው ዋዜማ ብቻ ምግብ የሚቀንሱ እህቶች አሉ፤ ድካሙ ከንቱ ነው።

ደም ግፊት ሲለካ ደረጃ ወጥተሽ እንደደረስሽ አይሁን። 5 ደቂቃ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ጀርባሽን አስደግፊ፣ እግርሽን አታነባብሪ፣ ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ በልብሽ ልክ አሳርፊ። ከመለካትሽ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጪ፤ ሽንትሽም ቢመጣ አስቀድመሽ ውጪ። ከ140 በ90 በላይ ደጋግሞ ከታየሽ ከነቀኑ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የተሰማሽን ጻፊ። "ያመኛል" ብቻ አይበቃም። የት ነው የሚያምሽ? መቼ ጀመረ? በቀን ስንት ጊዜ? ምን ስትሠሪ ይብሳል? ምን ሲሆን ይሻላል? ለምሳሌ "ከ2 ሳምንት ወዲህ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ሁለቱንም እግሬን ያቃጥለኛል" ብለሽ ብትጽፊ ሐኪሙን ግማሽ መንገድ ታሻግሪዋለሽ።

በመጨረሻ 3 ጥያቄ ጻፊ። ከ3 አይብለጥ። በጣም የሚያስጨንቅሽን አንደኛ አድርጊው፤ የበሩን እጀታ ከያዝሽ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

የመድኃኒቱ ከረጢት

የምትወስጂውን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ። "ሁሉ" ስንል የሐኪሙን ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ከአገር ቤት የተላከልሽን፣ ጓደኛሽ ያካፈለችሽን፣ ለራስ ምታት ከሱቅ የምትገዢውን፣ የእርግዝና መከላከያውን፣ የምታፈዪውን ቅጠል ጭምር ነው።

ምክንያቱን እንንገርሽ። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንዱ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው፤ ሌላው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሜትፎርሚን ግሉኮፋጅ በሚል ስም ይሸጣል። አምሎዲፒን ኖርቫስክ ይባላል። ግሊቤንክላማይድ ዳኦኒል ይባላል። እህትሽ ከአዲስ አበባ ግሊቤንክላማይድ ብትልክልሽና እዚህ ያለው ሐኪም ዳኦኒል ቢያዝልሽ፣ ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሎሽ አንዱን መድኃኒት እጥፍ ትወስጃለሽ ማለት ነው። ስኳርን እስከ መውደቅ የሚያደርስ ስሕተት ነው። ስለዚህ ከካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ስምና የሚሊግራሙን ቁጥርም ገልብጪ።

በሊባኖስ ላላችሁ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት መድኃኒት ከመደርደሪያ ጠፍቶ እንደነበር፣ በ2021 ኅዳር ወር መንግሥት የዘወትር መድኃኒቶችን ድጎማ ሲቀንስም ዋጋው እንዴት እንደናረ ታስታውሳላችሁ። የለመድሽው ካርቶን ሲጠፋ ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ይሰጥሻል። የመድኃኒቱን የራሱን ስም ካወቅሽ ያው መድኃኒት መሆኑን አረጋግጠሽ ትቀበያለሽ። ዋጋው ከአቅምሽ በላይ ከሆነም መዝለል ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው፤ ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚገኝ ተመሳሳይ አለ።

ስለ ማስታገሻም አንድ ቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ብዙዎቻችሁ የምትውጡት ነው። እነዚህ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ስኳር ወይም ግፊት ያለባት እህት ሐኪም ሳታማክር አዘውትራ ልትወስዳቸው አይገባም።

መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣውን ችግርም አትደብቂ። ሜትፎርሚን መጀመሪያ ላይ ሆድ ያውካል። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል። ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ብዙ እህቶች "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" ብለው በራሳቸው ያቆማሉ፤ ለሐኪሙ ግን አይነግሩትም። ቢነገረው ሊቀይረው ወይም አወሳሰዱን ሊያስተካክለው ይችላል።

ከሐኪም የምንደብቃቸው

እህቴ ሆይ፣ እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር።

አንደኛ፣ የዘለልነው መድኃኒት። "ይቆጣኛል" ብለን እንፈራለን። ቢቆጣም የአንድ ደቂቃ ነው። "በሳምንት 3 ቀን አልወሰድኩም፣ ምክንያቱም ገንዘብ አጠረኝ" ማለት የክንድ ጠባሳ ከማትረፍ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጾም። ጾማችን ክብራችን ነው። ግን ሐኪሙ እስከ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ አያውቅም። ከጾሙ 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ቀጠሮ ያዢና ንገሪው። የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ሊያስተካክልልሽ ይችላል፤ ወይም ጾሙ ለአንቺ አደገኛ እንደሆነ ይነግርሻል። እንደዚያ ካለሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ የማይቻለውን አትጭንም። ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ያውቃሉ፤ ለእነርሱም ምክሩ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ጸበልና ባህላዊ መድኃኒት። ጸበል ስትጠመቂ መድኃኒትሽን አታቋርጪ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ነጭ ሽንኩርት እየወሰድሽ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ስኳርን ወይም ግፊትን ከሚያወርድ ክኒን ጋር ተደርበው ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ።

አራተኛ፣ እርግዝና። ከግፊት መድኃኒቶች ውስጥ ፅንስን የሚጎዱ አሉ፤ ከላይ የጠቀስናቸው ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ከእነዚያ ናቸው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ ሐኪሙ ሳያዝልሽ በፊት ማወቅ አለበት።

አምስተኛ፣ ዕድሜ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ዕድሜ የእውነት ዕድሜሽ ካልሆነ፣ ለሐኪሙ ለብቻው የእውነቱን ንገሪው። መድኃኒትና ምርመራ በዕድሜ ይታዘዛል።

ስድስተኛ፣ ሥራሽ። ስንት ሰዓት እንደምትቆሚ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ምሳ መቼ እንደሚደርስሽ፣ በምን ኬሚካል እንደምታጸጂ ንገሪው። አስም ያለባት እህት ክሎር ስታሸት ደረቷ እንደሚዘጋ ካልተናገረች፣ የሚነፋው መድኃኒት ለምን እንደማይበቃት ሐኪሙ ከየት ያውቃል? ስኳር ያለብሽ ደግሞ እርጥብ ወለል ላይ በፕላስቲክ ጫማ የዋለ እግርሽን ሐኪሙ እንዲያየው ካልሲሽን አውልቂ። የማያምም ቁስል ከሚያምመው ይብሳል።

ቀኑና ሰዓቱ

በዚህ የምንሳሳት ብዙ ነን። ዐረቦቹ "ሰዓት 9" ሲሉ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። "3" ሲሉ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በስልክ ቀጠሮ ስትቀበዪ "ጠዋት ነው ከሰዓት?" ብለሽ ጠይቂ፤ በደብተርሽም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። "ስኳር የጀመረኝ በ2008 ነው" ብትዪ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነሽ፤ ሐኪሙ ግን 7 ወይም 8 ዓመት አስቀድሞ ይቆጥረዋል። "ከጀመረኝ ይህን ያህል ዓመት ሆነኝ" ብትዪ ግን አይሳሳትም።

ምርመራው በባዶ ሆድ ይሁን አይሁን አስቀድመሽ ጠይቂ። በባዶ ሆድ ከሆነ ውኃ መጠጣት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ግን ሳይበሉ መውሰድ አደጋ ስላለው፣ የዚያን ቀን ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለብሽ ጠይቂ። የግፊት መድኃኒት ግን ሐኪሙ ካላለሽ በቀር እንደወትሮው ይወሰዳል። ደም ከሰጠሽ በኋላ የምትበዪው ቁራሽ ዳቦ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ፈቃዱን ከማዳም ቀደም ብለሽ ጠይቂ። የቀጠሮ ካርዱን አሳይተሽ "የሚቀጥለው ረቡዕ ነው" ማለት በዕለቱ ጠዋት ከመንገር ይሻላል። በሊባኖስ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል አሠሪው ሕክምናና ኢንሹራንስ እንዲያቀርብ ያዛል። ኢንሹራንሱ ግን ብዙ ጊዜ ለሆስፒታልና ለድንገተኛ ሕመም እንጂ ለዘወትር መድኃኒት አይከፍልም፤ ስለዚህ ምን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ አስነብቡ። በግላችሁ የምትሠሩ ደግሞ "መስተውሰፍ" የሚባሉትን የሠፈር ጤና ጣቢያዎች ጠይቁ፤ ክፍያቸው ከግል ሐኪም ያነሰ ነው።

ከሐኪሙ ፊት

ማዳም አብራሽ ከገባች ጥሩ ልብ ያላት ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም ሰውነቱ የአንቺ ነው። ሐኪሙን በዓይኑ እዪው፣ ደብተርሽን ጠረጴዛው ላይ አኑሪው። ለብቻሽ መናገር የምትፈልጊው ካለ በትሕትና ጠይቂ። ዐረብኛ የምትችል እህት ካለች አብራሽ እንድትመጣ ለምኛት፤ ካልተቻለ በስልክ እንድታስተረጉም ቀጥሪያት። ከመግባትሽ በፊትም የምትናገሪላትን ነገር እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ ንገሪያት።

እነዚህን ቃላት አጥኚያቸው፦

ዐንዲ ሱከሪ — ስኳር አለብኝ
ዐንዲ ደግጥ — ደም ግፊት አለብኝ
ዐንዲ ረቡ — አስም አለብኝ
ዐንዲ ሐሳሲያ — የማይስማማኝ ነገር (አለርጂ) አለ
አነ ሐሚል — ነፍሰ ጡር ነኝ
አነ ሳይማ — እየጾምኩ ነው
ቀብል ል አክል፣ ባዕድ ል አክል — ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ
ዐለ ሪቅ — በባዶ ሆድ
ማ ፈሂምት — አልገባኝም
ክቱብሊ ሚን ፈድለክ — እባክህ ጻፍልኝ
በዲ እሕኪ መዐል ሐኪም ለሐሊ — ሐኪሙን ለብቻዬ ማናገር እፈልጋለሁ (በሊባኖስ አነጋገር)

ሳይገባሽ "አይዋ፣ አይዋ" አትበዪ። እኛ ሰው ማክበር ስለለመድን፣ ያልገባንን "እሺ" ብለን እንወጣለን። ሐኪሙ ግን እሺታሽን ገባት ብሎ ይወስደዋል። ከመውጣትሽ በፊት ያዘዘውን በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪው፤ "ይሄኛው ጠዋት 1፣ ከምግብ በኋላ። ይሄኛው ማታ 1። ትክክል ነው?" በዩ። ከተሳሳትሽ ያርምሻል። በየካርቶኑ ላይም ጠዋት ለሚወሰደው ፀሐይ፣ ማታ ለሚወሰደው ጨረቃ ሣዪበት።

ከወጣሽ በኋላ

የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትይዢ አትውጪ። የምርመራ ውጤትሽን ወረቀት ለምነሽ ተቀበዪ፣ ፎቶም አንሺው። አሠሪ ስትቀይሪ ወይም ወደ አገርሽ ስትገቢ የሕመምሽ ታሪክ እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) በሊባኖስ ጦርነቱ ሲበረታ ብዙ ወገኖቻችን ሻንጣ እንኳ ሳይዙ ከየቤቱ ወጥተዋል። እንዲህ ባለ ቀን የመድኃኒቷን ስምና መጠን የያዘ ብጣሽ ወረቀት በቦርሳዋ ያላት እህት ከአዲስ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ከባዶ አትጀምርም። ስትጓዢም መድኃኒትሽን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳሽ ያዢ እንጂ በሻንጣ አትላኪው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ፊትሽ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅሽ ወይም እግርሽ በድንገት ከደከመ፣ አንደበትሽ ከተሳሰረ፣ ደረትሽን ከጨነቀሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ግፊትሽ ከ180 በ120 አልፎ ራስሽን ክፉኛ ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ስኳርሽ ከ300 በላይ ሆኖ ካስታወከሽ፣ ማንንም ፈቃድ ሳትጠብቂ እርዳታ ጥሪ። አምቡላንስ በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በዱባይና በሌሎቹ ኤሚሬቶች 998፣ በኩዌት 112፣ በቀጣርና በባሕሬን 999፣ በዮርዳኖስ 911 ነው።

ስኳርሽ ወርዶ ላብ ሲያጠምቅሽና ስትንቀጠቀጪ ደግሞ ሥራውን ተዪው። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጪ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለሽ ድገሚው፤ ከዚያም እህል ቅመሺ። ጾም ላይ ብትሆኚም ይህ ሕይወት ማትረፍ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ ለሐኪምሽ ንገሪው። ራሷን የሳተች እህት ካጋጠመሽ ግን በአፏ ምንም አታድርጊ፤ በጎኗ አስተኝተሽ አምቡላንስ ጥሪ።

በመጀመሪያ ያነሣናት እህት አሁንም ትሠራለች። ማዳሟ አሁንም አብራት ትሄዳለች፣ አሁንም ታስተረጉማለች። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ሐኪሙ "መድኃኒቷን ትወስዳለች?" ሲል እህታችን ደብተሯን ከፍታ ትሰጠዋለች። የወሰደችበት ቀን ምልክት አለበት፤ የዘለለችበት ቀን ባዶ ነው። ሐኪሙ ባዶዎቹን በጣቱ ይቆጥራል። ዋጋው እንደከበዳት ስለነገረችውም የመድኃኒቱን ዓይነት ቀይሮላታል፤ ባዶዎቹ ቀናት ከወር ወር እያነሱ መጥተዋል።

የሚከተለውን ቆርጣችሁ በቦርሳችሁ ያዙት፤ ለጓደኛችሁም አንብቡላት።

ስሜ፦
የእውነት ዕድሜዬ፦
ያለብኝ ሕመም፣ ከጀመረኝ ስንት ዓመት፦
የምወስደው መድኃኒት (የራሱ ስም፣ ሚሊግራም፣ በቀን ስንት ጊዜ)፦
የማይስማማኝ መድኃኒት ወይም ምግብ፦
ባለፈው ወር የዘለልኩት ስንት ቀን፣ ለምን፦
የምጾመው እስከ ስንት ሰዓት፦
3 ጥያቄዎቼ፦
ብወድቅ የሚጠራልኝ ሰው ስልክ፦

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጣችሁ። በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።